ስንት ኢንች ይበቃኛል?

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። የጥይቱን ዓይነት፣ የሰደፉን ቁመት፣ የቃታውን ክብደት፣ የቀለሙን ነገር ሳይቀር ሞልቼ ጨርሻለሁ። አንድ ሳጥን ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ የበርሜል ርዝመት። 20፣ 22፣ 24፣ 26፣ 28 ኢንች፤ አንዱን ምረጪ ይላል። ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ጠመንጃ ሠሪው በየሰኞው ይደውላል። «ወሰንሽ?» «ነገ።» ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነው፤ ግን ትዕግሥቱ እያለቀ መሆኑን ከድምፁ እሰማለሁ።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ተኩስ የጀመርኩት የዛሬ ሰባት ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ነይ፣ አየር ተቀበዪ» ብላ ዒላማ ሜዳ ይዛኝ ስትሄድ ነው። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ የማይጠፋ ጩኸት አለ፤ የማሽን ጩኸት፣ የበሽተኛ ጥሪ። እዚያ ሜዳ ላይ በደረቴ ተኝቼ ትንፋሼን ስይዝ ያ ሁሉ ጸጥ አለ። 600 ያርድ ላይ የተሰቀለ ብረት ተኩሰሽ ስትመቺ ድምፁ ወዲያው አይመጣም። ከሁለት ሰከንድ በላይ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ ከሩቅ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ቀጭን ሆኖ ይደርሳል። በዚያ ድምፅ ተለከፍኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አደን መጣ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባል፣ ከበሬ የማይተናነስ አጋዘን አለ። ፈቃድ አውጥተሽ፣ በወቅቱ፣ አንድ ትገድያለሽ፤ ሥጋው ማቀዝቀዣ ሞልቶ ዓመት ይዘልቃል። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጠመንጃው አልነበረም። «ማን ባረከው?» ነው ያለችኝ። እኔም «ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፣ ምን ችግር አለው?» ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። «ሳይሞት ደርሰሽበት፣ በስመ አብ ብለሽ፣ ቢላ አስነክተሽው ነው? ካልሆነ ጥንብ ነው።» ያን ዓመት ሥጋውን ብቻዬን በላሁት።

ይህን የእናቴን ጥያቄ ያን ጊዜ እንደ ወግ አጥባቂነት ነው የቆጠርኩት። አሁን ከበርሜሉ ሳጥን ፊት ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄው ስለ ርቀት ነበር።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንዳጨፈገጋችሁ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ያለች የልጅነት ጓደኛዬ የቅጹን ፎቶ ስልክላት ሁለት ቀን ዝም አለችኝ። ከዚያ በድምፅ መልእክት፣ ሳትቆጣ፣ እንዲህ አለች፦ «እኛ ተኩስ ስንሰማ ልጆቹን ኮሪደር ላይ እናስተኛለን። አንቺ ደግሞ ኢንች ትመርጫለሽ።» መልስ አልነበረኝም። «የኔ ስፖርት ነው» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ያው ብረት፣ ያው ባሩድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከብረቱ ውጭ ከሆነ ደግሞ ያ «ከብረቱ ውጭ» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ መናገር መቻል አለብኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለሷ መልስ ልጽፍ ብዬ ነው።

እስቲ ከብረቱ ልነሳ። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ አረሩን ይገፋዋል፤ በርሜሉ ሲረዝም የመግፊያው መንገድ ይረዝማል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። እኔ ለመረጥኩት 6.5 ክሪድሞር ለሚባለው ጥይት አንድ ኢንች ሲጨመር ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ያህል ይገኛል። (6.5 ክሪድሞር ለኤልክ ያንሳል የሚሉ አሉ፤ እሱ ሌላ ጠብ ስለሆነ አልገባበትም።) ስለዚህ በ20 ኢንችና በ26 ኢንች መካከል ያለው ልዩነት በግምት 150 ጫማ በሰከንድ ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ይህ ቁጥር መሬት ላይ ሲወርድ ምን ያህል ነው?

1000 ያርድ ላይ፣ ከጎን በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ያንን አረር ከሁለት ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ገፍቶ ይወስደዋል። ይህ በባሕር ወለል ከፍታ ሲሰላ ነው፤ እኛ ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንሳል። አጭሩን በርሜል ብመርጥ በዚህ ላይ የሚጨመረው አንድ ስንዝር ገደማ ነው። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ስንዝር ያህል ነው፤ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ እንግዲህ አንድ ስንዝር። ስለዚህ ስድስቱ ኢንች በመግደልና በማቁሰል መካከል ያለውን ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ሳሰላ «በቃ፣ 26!» ብዬ ስልኩን አንሥቼ ነበር።

ግን ስሌቱን ገልብጬ አየሁት። ነፋሱን በሰዓት አንድ ማይል ብቻ አሳንሼ ብገምትስ? እሱም እዚያው ርቀት ላይ አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በሸለቆ ማዶ የሚነፍስን ነፋስ፣ ሣር ሲወዛወዝ ዐይቶ፣ በአንድ ማይል ልክ የሚገምት ሰው አላጋጠመኝም። ስድስት ኢንች ብረት ገዝቼ የማተርፈውን የገዛ ዓይኔ በአንዴ ይበላዋል።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ረጅም በርሜል ይበልጥ ያነጣጥራል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ድሮ እውነት ነበር፤ ምክንያቱም ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ የተተከለ የብረት ጥርስ ስለነበር፣ በፊተኛውና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ የዓይን ስሕተት ይቀንሳል። ዛሬ መነጽር ከላይ ተገጥሞ ያ ምክንያት ጠፍቷል። እንዲያውም ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዘንግ በስምንት እጥፍ ይለምጣል። ረጅም ሆኖ እንዲገትር ከፈለግሽ መወፈር አለበት፤ ከወፈረ ይከብዳል፤ የሚከብደው ደግሞ ከፊት በኩል ነው።

ሚዛን የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጠመንጃ ሠሪው አንድ ቀን ሱቁ ሄጄ ሁለት ጠመንጃዎች በአንድ ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ አሳየኝ። አንደኛው ከካዝናው ትንሽ ፊት ለፊት ላይ ጣቱን ሲያደርግ እንደ ሚዛን ምላስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላው ለመቆም ጣቱን አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ወደ ፊት ማራቅ ነበረበት። «ሁለቱም ክብደታቸው አንድ ነው» አለኝ። ተራ በተራ ያዝኳቸው። እውነትም ሚዛን ላይ አንድ ናቸው፤ ክንዴ ላይ ግን አንድ አይደሉም።

ከፊት የሚከብደው ተኝተሽ ስትተኩሺ ግሩም ነው። አይንቀጠቀጥም። ሲተኮስ አይዘልም፣ ስለዚህ አረርሽ የት እንዳረፈ በራስሽ መነጽር ታያለሽ። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት፤ ቀላል ጠመንጃ ተኩሶ የሚዘል ሰው የሠራውን ሥራ ሳያይ ይቀራል። ከ2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የፕሪሲዥን ራይፍል ሲሪስ ውድድር ላይ ሰዎች ከአጥር፣ ከጎማ፣ ከበርሜል ክምር ላይ ሆነው ይተኩሳሉ፤ ለዚህም ሲሉ ከፊት በኩል ተጨማሪ የብረት ክብደት ያስራሉ። ዘጠኝ ኪሎ የሚደርስ ጠመንጃ አይቻለሁ። ያንን ይዞ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት መውጣት ግን ንስሐ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሳወራለት ቡናውን እያማሰለ ሰማኝ። ጎጃም ያደገ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ቤልጅግ ይይዝ ነበር። ዒላማ ሜዳ የምወስደውን ጠመንጃ አውጥቼ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቼ ሰጠሁት። አላነጣጠረም። ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከላይ አንጠልጥሎ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሄደ። «ወደ ፊት ይደፋል» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ጠመንጃ እኮ የሚተኮሰው አልፎ አልፎ ነው። የሚያዘው ግን ሁልጊዜ ነው። ገበያ ይዘሽው ትሄጃለሽ፣ ለቅሶ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እናንተ ለሚተኮስባት ደቂቃ ብቻ ነው የምትሠሩት?»

ደስ ብሎኝ ሰማሁት፤ ሆኖም ከዚህ ጥበብ ቆርጬ ለመውሰድ አልቸኮልኩም። ያ «ሁልጊዜ የሚያዝ» ጠመንጃ ስንት ቤት ደም አቃብቷል። እሱም ያውቀዋል። ስለ ታላቅ ወንድሙ ስጠይቀው ወሬ የሚቀይረው ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ያለፈውን ካነሣሁ አይቀር የጥይቴ ስም ራሱ አንድ ታሪክ አለው። ክሪድሞር ኒውዮርክ አጠገብ የነበረ የተኩስ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የአየርላንድና የአሜሪካ ቡድኖች እዚያ በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ተወዳደሩ። አየርላንዶቹ በአፈሙዝ በኩል የሚጎረሱ ጠመንጃዎች፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ከኋላ የሚጎረሱ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው ነበር። አሜሪካ በሦስት ነጥብ ብቻ አሸነፈች። ሚልነር የሚባል አየርላንዳዊ በመሐሉ አንድ ጥይት ልክ መሐል ላይ አሳርፎ ነበር፤ የሌላ ሰው ዒላማ መሐል ላይ። ዜሮ ተቆጠረበት።

በዓመቱና በሁለት ዓመቱ፣ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል ሲያደርግ የማረከው መሣሪያም ሬሚንግተን ነበር። አንዱ ስም፣ በአንድ ዘመን፣ እዚያ የጨዋ ሰዎች ጨዋታ፣ እዚህ የአገር ሞትና ሕይወት። ከዚያ ሁሉ ብረት ጋር ስሙም ወደኛ ገባ፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን የፈረንጁን ስም በራሳችን ምላስ ፈጭተን አስቀረነው። ጓደኛዬ ልክ ናት፤ ብረቱ ራሱ ጨዋታ ላይ ይሁን ጦርነት ላይ አያውቅም። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳድደኝ ሚልነር ነው። እጁ ፍጹም ነበር። መሣሪያው ፍጹም ነበር። ስሕተቱ ሁሉ ቃታው ሳይሳብ በፊት አልቋል።

አሁን የማልፈልገውን ልናገር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት፣ ማምሻ ላይ፣ አንዲት ሴት ኤልክ 610 ያርድ ላይ ቆማ አገኘኋት። በዚያ ርቀት ብረት ላይ ከአሥሩ ዘጠኙን እመታለሁ። ነፋስ አልነበረም። ተኝቼ ነበር። ሁሉ ነገር ልክ ነበር። አረሩ እዚያ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። ቃታው ሲለቅ ቆማ ነበር፤ አረሩ ሲደርስ አንድ እርምጃ ተራምዳ ነበር። አንድ እርምጃ። ሆዷን መታኋት። ጎበጥ ብላ ጫካ ገባች። እስክደርስ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሸለቆ ነበር መሐላችን። ደም አገኘሁ፣ ከዚያ ትንሽ ደም፣ ከዚያ መሸ። ሕጉም ፈልጉ ይላል፣ ባይልም እፈልጋት ነበር፤ ሁለት ቀን ፈለግኳት። አላገኘኋትም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። «ሳይሞት ደርሰሽበት?» ብትለኝ ምን እላለሁ? እሷ ሳትሞት አልደረስኩም፤ መሞቷንም አላየሁም።

አብሮኝ የሚያድን አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ ሞክሮ ነበር። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድ ሰው 600 ላይ የሚያቆስለው፣ በዓመት አንዴ ጠመንጃ የሚያነሣ ሰው 150 ላይ ከሚያቆስለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ኃጢአቱ ርቀት ሳይሆን አለመቻል ነው። ከባድ ክርክር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አምኜበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልትና ወዳጆቹ የመሠረቱት ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለው የአዳኞች ማኅበር በሩቅ መተኮስን የሚቃወምበት ምክንያት፣ አውሬው አዳኙን የማወቅና የማምለጥ ዕድሉን ይነጥቀዋል የሚል ነው። ይህ ሲነበብ የጨዋታ ሕግ ይመስለኝ ነበር፤ እንስሳው እንደሆነ ጨዋታ ላይ መሆኑን አያውቅ።

ግን የወዳጄ ክርክር አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ልምምድ የሚያርመው የኔን ስሕተት ነው። የተሻለ በርሜል፣ የተሻለ መነጽር፣ የተሻለ ሚዛን፣ ሁሉም የሚያርሙት የኔን ስሕተት ነው። የኔ ስሕተት እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ቢሆን እንኳ የማልነካው አንድ ነገር ይቀራል፤ የሷ እርምጃ። ብረቱ በተሻለ ቁጥር ዕጣው ሁሉ ከኔ እጅ ወጥቶ እሷ በምትወስነው እርምጃ ላይ ይንጠለጠላል። መቶ ያርድ ላይ እርምጃዋ ምንም አይለውጥም፤ አረሩ ቀድሟታል። ስድስት መቶ ላይ ግን እሷ ሳታውቅ የኔን ውጤት ትወስናለች፤ የምትከፍለው ደግሞ እሷው ናት። ችሎታዬ በጨመረ ቁጥር «እችላለሁ» የሚለው ቃል «ይገባኛል» ወደሚለው ሳላየው ተንሸራተተብኝ። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው፤ እኔ ነኝ አንድ ያደረግኳቸው።

ታዲያ አጭሩን በርሜል ልምረጥ? ለአንድ ሳምንት መልሱ ይህ መሰለኝ። 20 ኢንች፤ ራሴን በብረት ልሰር። ደስ የሚል ንጽሕና ተሰማኝ፤ ልክ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። የ20 ኢንቹም 600 ያርድ ላይ ያለምንም ችግር ይደርሳል! ልጓም ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ልጓም አልነበረም፤ አጭር በርሜል መርጬ ራሴን እንደ ትሑት ልቆጥር፣ ከዚያ ያንኑ ልተኩስ ነበር። ከዚህ የከፋ ራስን ማታለል አላውቅም።

«24 ውሰጂ፣ መካከለኛው ነው» ይላል ሁሉም ሰው። አርስቶትል ልክ የሚባለው ነገር የቁጥር መካከለኛ እንዳልሆነ ሲያስረዳ የታጋዩን ሚሎን ምግብ ምሳሌ ያደርጋል፤ ለሚሎ የሚያንሰው ለጀማሪ ይበዛል። በ20 እና በ28 መካከል 24 ስላለ ብቻ ልከኛ አይሆንም። ለማን? ምን ለምታደርግ ሴት? ጥያቄው ከሚሊ ሜትር ወደኔ ይመለሳል፤ ሦስት ሳምንት የሸሸሁትም ይህንኑ ነው።

ካላሽኒኮቭ፣ ያ ስሙ ከኛ ቤት የማይጠፋው ሰውዬ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በ94 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት ለሩሲያ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ የሠራሁት ጠመንጃ ለቀጠፈው ሕይወት ተጠያቂ ነኝ ወይ የሚል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቃል አቀባይዋ በኩል የሰጠችው ምላሽ፣ መሣሪያ አገር ለመጠበቅ ሲውል ሠሪውንም ወታደሩንም እንደምትደግፍ ነበር። ሽማግሌው በዚህ ምን ያህል እንደተጽናና እንጃ። እኔ ግን ከሠሪው ያነሰ ሰበብ ነው ያለኝ። እሱ የማያውቃቸውን እጆች ፈርቶ ነበር፤ እኔ የማውቀውን እጅ ነው።

ሰኞ ስልኩ ሲጠራ አንሥቼ «22» አልኩት። «ለምን 22?» አለኝ፤ ተገርሞ እንጂ ሊከራከር አልነበረም። «ዳገት ስወጣ እንዳይደፋብኝ፤ ሲተኮስ ደግሞ የመታሁትን ለማየት እንዲበቃኝ።» ሚዛኑ የት ይሁን ሲለኝ፣ ከካዝናው ፊት አራት ጣት ላይ፣ ስሄድ እጄ የሚያርፍበት ቦታ አልኩት። ከዚያ ያልጠየቀኝን ጨመርኩ። መነጽሩ ላይ ለሩቅ ተኩስ የሚዞረው ቁልፍ አለ አይደል፣ እሱን የሌለውን፣ ተራውን መነጽር ግጠምልኝ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ለዚህ በርሜል ያባከነ መነጽር ነው የምትገጥሚው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። መነጽር በአንድ ከሰዓት ተፈትቶ እንደሚቀየር ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን አላነሣውም።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ልኬላታለሁ። እስካሁን አልመለሰችም። ኔትወርክ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ጠመንጃው ስድስት ወር ይፈጃል። ትናንት ለእናቴ ስለዚያች ኤልክ ነገርኳት። ድስቱን ከምድጃው ላይ አወረደች፣ ክዳኑን ከደነች፣ እጇን በፎጣ ጠረገች። «የሚመጣው ዓመት» አለች፣ «ቢላውን እኔ እስልልሻለሁ።»